በእሾህ የታጠረችው መኪና

እሾኹ ወደ ውስጥ መዞሩን ሐረገወይን ያየችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ያኔ ደግሞ ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ሥራውን ጨርሷል።

እሾህ እንዴት እንደሚታጠር በቆላው አገር የማያውቅ ሰው የለም። ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾኹ ወደ ውጭ ነው። አጣሪው ከውስጥ ቆሞ ግንዱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከውጭ የመጣ ከብት አፍንጫውን ተወግቶ ይመለሳል። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። ሐረገወይን ግን ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን ስታጥር የቆመችው ከውጭ ነበር። ከውስጥ እንዳትቆም ውስጡን የያዘችው መኪናዋ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱን የግራር ቅርንጫፍ በግንዱ ይዛ ፊት ለፊት እየገፋች አስጠጋችው። እሾኹ በሙሉ መኪናዋን እያየ፣ ግንዱ ፍየል እየጠበቀ አደረ።

አሁን ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ስታነሣ በሾፌሩ በኩል ያለው በር ብቅ አለ። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ጭረት በጭረት ሆኗል። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት። ዓይኗን አሻሽታ ደግማ ቆጠረች፤ ስምንት። ሦስተኛ መቁጠሩን ፈራችና ተወችው።

«አበቃ» አለች ለራሷ። «ልጄ ሾፌር ሳይሆን ቀረ።»

መኪናዋ የሷሊሕ ናት። ሷሊሕ ሽንኩርትና ማሾ ከገበሬ እየሰበሰበ የሚነግድ፣ ከእነሐረገወይን ግቢ ከፍ ብሎ የሚኖር ሽማግሌ ነው። መኪና ገዛ፣ ጉልበቱን ስለሚያመው ሾፌር ይፈልጋል ሲባል፣ በሸዋ ሮቢት መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ደጅ ጠናው። የሐረገወይን ልጅ በረከት መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አራት ወሩ ነው፤ እሱም ጠየቀ። ሷሊሕ እሺም እንቢም ሳይል ቆየና ሰኞ ማታ መኪናዋን ቀስ አድርጎ እየነዳ አምጥቶ ግቢያቸው ውስጥ አቆማት።

«የእኔን ግቢ ሽንኩርት ሞልቶታል» አለ። «ከሚሴ ደርሼ ረቡዕ ማታ እመለሳለሁ። ቁልፉ ይኸው፤ በረከት ይጠባት፣ ይጠብቃት። እንዳለች ካገኘኋት ሾፌሬ እሱ ነው። ካላገኘኋት ደግሞ አትቀየሙኝ፣ ሌላ እፈልጋለሁ። አማና ነው፣ ሐረገወይን።»

አማና ማለት አደራ ነው። በሷሊሕ አፍ ሲነገር ግን ከአደራም ይከብዳል።

ሐረገወይን ደግሞ አደራ ተቀብላ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት አይደለችም። እንኳን የሰው መኪና፣ የራሷ ጫማ በረንዳ ላይ ካደረ ጊንጥ ገብቶበታል ብላ ሦስት ጊዜ አራግፋ፣ በአራተኛው ሌላ ጫማ አድርጋ ትወጣለች። መናኸሪያው አጠገብ ለመንገደኛ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ የምትሸጥበት ኪዮስክ አላት። ማቀዝቀዣው ትንሽ ጮክ ካለ ሊፈነዳ ነው ብላ ደንበኛዋን ይዛ ወደ ውጭ ነው። ሰኞ ማታ መኪናዋ ማንጎው ሥር ስትቆም፣

«ማንጎ ቢወድቅባትስ?» አለች።

በረከት ወደ ግንቡ አስጠጋት።

«ግንቡ ቢናድስ?»

«እማ፣ ግንቡ እኔ ሳልወለድም ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፤ አርጅቷል።»

በረከት እየሳቀ ግቢው መሀል አመጣት። መሀል ላይ ደግሞ የጎረቤቷ የዓለምፀሐይ ፍየሎች አሉ። እነዚያ ፍየሎች የማይወጡበት ነገር የለም። ባለፈው ወር አንዷ የቆመ ባጃጅ ላይ ወጥታ፣ ባለባጃጁ ሳያያት መናኸሪያ ድረስ ወስዷታል። ሐረገወይን የፍየል ኮቴ ያንን የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲፍቀው ሌሊቱን በህልሟ አየች። በነጋታው በረከት ወጣ ሲል የጓሮውን አጥር ለመድፈን ያስመጣችውን ግራር ጎትታ መኪናዋን ዙሪያዋን አጠረቻት። ልጁ ማታ ገብቶ ሲያያት መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ማክሰኞ ሌሊት ነፋሱ ተነሣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የሐረገወይን ግን የባሰ ነው፤ የፈራችው እስኪደርስ አልጠበቀችም፣ ራሷ ሄዳ አመጣችው።

የበረከት አልጋ ባዶ ነው፤ ገና ሳይነጋ ወጥቷል። ጭረቱን ሳያይ መሄዱን አስባ አማተበች። ወዲያው የዓለምፀሐይ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ምነው ሐረግ፣ ማን ሞተ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!»

ዓለምፀሐይ ዞራ ገባች። በሩን አየች፣ እሾኹን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ኧረ ማን ነው መኪና በእሾህ እጠሪ ያለሽ?»

«ያንቺ ፍየሎች ናቸዋ!»

«ፍየሎቼ ናቸው ግንዱን ወደ ውጭ ያዞሩት?»

ሐረገወይን የያዘችውን ቅርንጫፍ ጣለችው። ዓለምፀሐይም አዘነችላት መሰል ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «ቆይ፣ አትንቀጥቀጪ። የጥርስ ሳሙና ያጠፋዋል። ስልክ ላይ አይቻለሁ፣ አንዱ ፈረንጅ ሲያደርገው።»

«ካበላሸውስ?»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይበላሻል?»

የጥርስ ሳሙናውን በጨርቅ አድርገው፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች እሽት እሽት አደረጉት። ፈረንጁ የሠራው ምናልባት ደጋ ላይ ይሆናል። በሸዋ ሮቢት ግን ሦስት ሰዓት ላይ ብረቱ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ሳሙናው ጭረቶቹ ውስጥ ገብቶ እዚያው ደረቀ። ስምንቱም ነጭ ሆኑ። ቀድሞ ቀርቦ የመረመረ ብቻ ነበር የሚያያቸው፤ አሁን ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት ያያቸዋል።

«ስልኩ ላይ እንዲህ አልነበረም» አለች ዓለምፀሐይ።

ሐረገወይን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ኪዮስኩንም ሳትከፍት፣ ባጃጅ ይዛ ሙዐዊያ ዘንድ ሄደች። ሙዐዊያ ከአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ ጥላ ሥር መኪና የሚቀባ ወጣት ነው፤ ሱሪው ላይ የወረዳው መኪና ሁሉ ቀለም አለ።

«ሙዐዊያ፣ ልጄን አድንልኝ!»

«ምነው እትዬ ሐረገወይን፣ ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም፤ መኪና ተጭሮብኝ ነው። የሷሊሕ መኪና! በእሾህ! ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ ካየ በረከትን አይቀጥረውም። በረከት ራሱ አላየም። እባክህ፣ ለልጄ እንዳትነግረው።»

ሙዐዊያ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲርገፈገፍ ሐረገወይን ቀለሙ ሳንባው ውስጥ ገብቶ የሚያስለው መስሏት ለእሱም ደነገጠች። ሲዞር ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል እንጂ ደህና ነው። «ለማንም አልነግርም። ዛሬ አፌን ቆልፌያለሁ፣ ወላሂ» አለ። «የሾፌሩን በር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ።»

«ዘጠኝ? አሁን ነው እንጂ!»

«አሁን ብነካው ብረቱ ያቃጥለኛል፣ መድኃኒቱም ሳላሸው ይደርቃል። ጥላ ሲያርፍበት ነው የሚሠራው። እስከዚያ ምንም እንዳይቀቡት።»

ምን እንደቀባችው አልነገረችውም። የትኛው በር እንደሆነ አለመንገሯን ደግሞ ያን ጊዜ ልብ አላለችም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ ለሷሊሕ የምትለውን አጠናች። «ፍየል ነው።» እሱ ይሻላል። «ስታመጣትም ነበረባት።» እሱ አይሆንም፤ ሷሊሕ መኪናዋን ከልጆቹ ፊት የበለጠ ያውቃታል። «አጋሰስ ተፋተጋት።» በሩን ከፍቶ ማን አጋሰስ አስገባ ቢላትስ?

ሙዐዊያ ባልዲውን አንጠልጥሎ መጣ። በሩን ሲያይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ጥርስ አላት እንዴ?»

«ዓለምፀሐይ ናት!»

«ስልኩ ነው!» አለች ዓለምፀሐይ ከአጥሩ ማዶ።

ሙዐዊያ በሩን በሳሙና አጥቦ የጥርስ ሳሙናውን አስለቀቀ። ከዚያ ሐረገወይንን አጠገቡ ጠራና ንጹሕ ውኃ በእጁ ዘግኖ ጭረቶቹ ላይ አፈሰሰ። «አሁን ይመልከቱ። ስንት ይታያል?»

ሐረገወይን ዓይኗን አላመነችም። ውኃው በወረደበት ሁሉ ጭረቱ የለም። አንዲቱ ብቻ፣ ከእጀታው በታች፣ ጣት የምታህለዋ፣ ነጭ ሆና ቀርታለች።

«ዳነ?»

«አልዳነም፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ግን ውኃ ሲነካው የሚጠፋ ጭረት ከላይ ያለውን መስተዋት የመሰለ ሽፋን እንጂ ቀለሙን አልነካውም ማለት ነው። እሱ ይታሻል። ይቺ ግን…» አውራ ጣቱን በአንዲቱ ጭረት ላይ አሻግሮ ሳበው። ጥፍሩ ቀጭ ብሎ ተያዘ። «ይቺ ገብታለች። ለብቻዋ እንነጋገርባታለን።»

በጣም የለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ከባልዲው ውኃ አወጣና በትንሽ ጎማ ላይ ጠቅልሎ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሕፃን እንደሚያሻሽ ሰው ማሸት ጀመረ። ሐረገወይን በጠርሙስ ውኃ እንድታፈስለት ታዘዘች። ታፈሳለች፣ ትጠይቃለች።

«ቢበሳስ?»

«ወረቀት ነው እትዬ፣ መሰርሰሪያ አይደለም።»

«ቀለሙ ቢያልቅስ?»

«ውኃውን ያፍስሱልኝ።»

«እጅህ ቢያዳልጥስ?»

«እጄ የሚያዳልጠው ሲያናግሩኝ ነው።»

ጠርሙሱን አዘንብላ ማፍሰሷን ቀጠለች። በኋላ ግን ሙዐዊያ በሩን በጨርቅ ሲያደርቀው ጭረቱ ብቻ ሳይሆን ማብረቅረቁም ጠፍቶ፣ በሩ ሞራ እንደጋረደው ዓይን ድብዝዝ ብሏል። ጠርሙሱን ጣለችው።

«ገደልከው! እኔ ስምንት ቦታ ጫርኩት፣ አንተ በሩን በሞላ!»

«እትዬ…»

«አሁንስ ፍየል ነው ብል ማን ያምነኛል? ፍየል ብርጭቆ ወረቀት አላት?»

ዓለምፀሐይ አጥሩ ላይ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ሙዐዊያ እየሳቀ ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነጭ ቅባት በጨርቅ ጨለፈ፣ እሱም ኮምፓውንድ ይባላል፣ ክብ ክብ እያደረገ ይገፋው ጀመር። እጁ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ መቶ ጊዜ ዞረ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ሐረገወይን ከቤት ቀዝቃዛ ለስላሳ አምጥታ አጠገቡ አቆመችለት፤ ቀና ሳይል በግራ እጁ ጠጣና ቀጠለ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ንጹሕ ጨርቅ ወስዶ ቅባቱን ጠረገው።

ሐረገወይን በሩ ውስጥ አንዲት ዓይኗ የቦዘዘ፣ ሻሿ የተንሸራተተ ሴት አየች። ራሷ ናት። ሻሿን አስተካከለች።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዓይኗ ከእጀታው በታች ወረደ። «ይቺስ?»

«ይቺ ቀለም ትፈልጋለች። ልኳን የሚቀላቅሉት ደብረ ብርሃን ነው።»

«ደብረ ብርሃን ደርሰህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትመለስም?»

«ክንፍ የለኝም እኮ። ፍየል ነው ይበሉ። በዚህ ከተማ የተጫረ ሁሉ በፍየል ነው የተጫረው፤ ፍየል ደግሞ አትክድም።»

«ወግድ!» አለች ዓለምፀሐይ። «የኔ ፍየሎች ስማቸው እንዳይጠፋ!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሷሊሕ በከዘራው እየተመረኮዘ በበሩ ገባ። ከኋላው በረከት እያለከለከ ተከተለ፤ ከአውቶቡስ ወርዶ የሮጠ ይመስላል፣ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሐረገወይን ፈጥና ሄዳ እጀታው አጠገብ ቆመች፣ ነጠላዋን በሩ ላይ ለቀቅ አድርጋ።

«አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ዋላችሁ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ገቡ ጋሼ ሷሊሕ? ይቀመጡ እንጂ፣ ደክሞዎታል። ውኃ ላምጣ?»

«መጀመሪያ ልያት።»

ሷሊሕ መኪናዋን ዞረ። ጎማውን በከዘራው ነካ አደረገ፣ የኋላ መብራቱን በመዳፉ ጠረገ። በሌላው ጎን ያለው ቀለም ከነፋሱ በኋላ አቧራ ለብሶ ደብዝዟል። ዞሮ በሾፌሩ በኩል ሲመጣ ቆመ። በሩ ውስጥ ከነቆቡ ራሱን አየ። ቆቡን አቃና።

«ሱብሃነላህ» አለ። «መኪናዋ ሁሉ አቧራ ለብሳ፣ ይህ በር ብቻ ሙሽራ የሆነው ለምንድን ነው?»

ሐረገወይን አፏን ከፈተች። ፍየል ልትል ነበር። ነጠላዋን ስትሰበስብ ጭረቷ ብቅ አለች፤ ሽማግሌው ጭረቷን አየ፣ እሷም ማየቱን አየች፣ ፍየሏ ከአፏ ጠፋች።

«እኔ ነኝ!» አለች።

«እኔ ነኝ!» አለ በረከት፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ከኋላ።

እናትና ልጅ ተያዩ።

«አንተ ደግሞ ምን አደረግህ?» አለች ሐረገወይን።

«አንቺስ?»

«እሾኹን ወደ ውስጥ አዙሬው ነፋስ ሲያፋትገው አደረ። አንተ የት አይተህ ነው?»

በረከት አንገቱን ደፋ። «ማክሰኞ ሌሊት እሾኹን ገለጥ አድርጌ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ነበር። በሩን ስከፍት እሾኹ ላይ ጫንኩት፤ ቋ ሲል ሰማሁ። ሊነጋጋ ሲል በስልኬ መብራት ገለጥ አድርጌ ሳየው በሞላ የኔ መሰለኝ።»

«በሌሊት መኪናዬ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለ ሷሊሕ።

«ምንም። መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ።»

«ሞተር አስነሣህ?»

«ኧረ! እማ ትነቃለች።»

ሙዐዊያ ከባልዲው አጠገብ ተነሣ። «አሁንስ አፌን ልክፈተው፣ ሊያንቀኝ ነው» አለ። «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ልጁ መጣና ‹የሾፌሩን በር ጫርኩት፤ እናቴ ኪዮስክ ስትሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግባና ሥራልኝ፣ እንዳትነግራት፣ ትታመምብኛለች› አለኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ እናትየው መጡና ‹ለልጄ እንዳትነግረው› አሉኝ። እሺ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሚስጥር በአንድ ሆድ!»

ሐረገወይን ያን ጊዜ ነው የትኛው በር እንደሆነ ሳትነግረው ማወቁ ትዝ ያላት። «አንተ ባለጌ!» አለችው፣ ሳቋ እያመለጣት።

«ኪስህ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?» አለ ሷሊሕ ወደ በረከት።

በረከት ጆሮው ድረስ ቀላ። ጥቁር ሰማያዊ የጥፍር ቀለም በትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ደብረ ሲና ድረስ ወጥቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ውሏል፤ ልኩን ቀለም ስላጣ፣ የሚቀርበውን ይህን መርጦ መጣ። ባለሱቋ ለማን ነው ብላ ጠይቃው፣ ለአንዲት መኪና ብሏት፣ አላመነችውም።

ሷሊሕ አልሳቀም። በአውራ ጣቱ ጭረቷን ዳበሳት። ሐረገወይንን ልጇ ኪዮስክ ውስጥ ጠርሙስ እየደረደረ ሲያረጅ ታያት፤ ፂሙ ሲሸብት ሁሉ ታያት።

«ከሰኞ በፊት አሥራ አንድ ሰው መጥቶብኛል» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። «የአንዱን የድሮ ጌታ ጠየቅሁ፤ መኪናው ሦስት ጊዜ ተገጭቷል፣ ሦስቱንም ጊዜ ገጪዋ ፍየል ናት። እዚህ ደግሞ ፍየሏ ይቻትና በአጥር ላይ ሆና ታየናለች፤ እናንተ እየተሻማችሁ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ትላላችሁ።» ወደ በረከት ዞረ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደጄ ላይ ቁም። ባለቤቴን ዓይሻን ደብረ ብርሃን ዓይን ሐኪም ጋ ትወስዳታለህ። መንገድህን ቀለሙን አስቀላቅለህ ና። የጥፍሩን ለእናትህ ስጣት።»

በረከት የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሷሊሕ በከዘራው ገፋ አደረገው። «ተው፣ እሱን ነው የሚያመኝ።»

ሐረገወይን ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች። ደስታዋ አንድ ትንፋሽ ያህል ሙሉ ነበር። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን በየት በኩል እንደሚኬድ ትዝ አላት።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ በጠዋት እኮ ጣርማ በር ጉም ነው።»

«ነው።»

«ዋሻውም ጨለማ ነው። ከባድ መኪናውስ? ቁልቁለቱስ? ትንሽ ረፈድ ቢልስ?»

«እንግዲህ እሱንም በእሾህ እጠሪልን!» አለ ሷሊሕ፣ እየሳቀ ከዘራውን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ። ዓለምፀሐይ ከአጥሩ ማዶ «ግንዱን ወደ ውስጥ!» ብላ ጮኸች።

ከመሸም በኋላ በረከት ቤት አልገባም። ከሙዐዊያ የለመነውን ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ሌሎቹን በሮች ሲያሽ ቆየ። እናቱ ሁለት ጊዜ ጠራችው፣ «መጣሁ» አለ። ራቱ ቀዘቀዘ። ሦስተኛ ስትጠራው መጣ፤ እጁ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፣ ፊቱ ላይ ቅባት አለ፣ ጥርሱ አልከደን ብሏል።

«ጉም ሲሆን ረዥሙን መብራት አታብራ» አለችው ገና ደፉን ሳይሻገር።

«እሺ እማ።»

«አጭሩን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከባድ መኪና አትቅደም። ዓይሻ ፍጠን ብትልህም አትፍጠን። ሹራብ ያዝ፣ እዚያ ይበርዳል። ፍሬኑን ከመነሣትህ በፊት…»

«እማ፣ ልግባ?»

አሳለፈችው። ወጥታ ግቢውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር ብላ አየች። የሚያስፈራ ነገር ፈለገች፤ ለዛሬ የተረፈ አላገኘችም። ገባችና በሩን ገፋችው፣ መወርወሪያውን ሰደደችው፣ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው።